ስም የተጻፈበት ድንጋይና ውሃ የሌለው ጉድጓድ

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

 

ሰው ሲሞት ለቅሶ ቤት ውስጥ ቀስ ተብሎ የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ። «ለመሆኑ ምን ትቶ ሄደ?» ይባላል። መልሱም ሳይዘገይ ይመጣል። «ሁለት ቤት አለው፤ አንዱን አከራይቶታል» ይላል አንዱ። «ልጆቹ ውጭ አገር ናቸው፤ ምን ቸገረው!» ይላል ሌላው። «መስጊዱ በር ላይ ስሙ ተጽፏል» ብሎ ሦስተኛው ይጨምራል። ከዚያ ቡናው ይጠጣል፤ ጥያቄውም እዚያው ይቀራል።

ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የተበላሸው መልሳችን ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ያሲን ሙታንን ሕያው እንደሚያደርግ፣ ያስቀደሙትን ሥራና ከኋላቸው የተዉትንም ፈለግ እንደሚጽፍ ነግሮናል። እንግዲህ የሰው መዝገብ ሁለት ክፍል አለው ማለት ነው። አንደኛው በሕይወት ሳለ የሠራው ነው። ሁለተኛው እሱ ካለፈ በኋላ ሥራው እየሠራ የሚያስጽፈው ነው። የሚገርመው ነገር እኛ ያሲንን የምናውቀው በአብዛኛው በታማሚ ራስጌና በሟች ቤት መሆኑ ነው። ሱራው ግን ራሱ ሕያው የሆነን ሰው ለማስጠንቀቅ መሆኑን ይናገራል። ለሕያዋን የመጣውን መልእክት ለሙታን አንብበን፣ ቡናችንን ጠጥተን ወደ ቤታችን እንሄዳለን።

በዚህ ጽሑፍ ልል የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ከሰው በኋላ የሚቀረው ስሙ አይደለም፤ እሱ በሌለበት በሌሎች እጅ መሥራቱን የሚቀጥል ሥራው ነው። እኛ ግን ለስሙ እየከፈልን ሥራውን ጥለነዋል።

«ጃሪያ» ማለት ምን ማለት ነው?

በአንድ የገጠር ቀበሌ ያየሁትን ልናገር። የቦታውን ስም አልጠራም፤ መሰሉ ብዙ ነውና። ከመስጊዱ አጠገብ የእጅ ፓምፕ የተገጠመለት ጉድጓድ አለ። በሲሚንቶው ላይ እብነበረድ ተለጥፎ፣ በዐረብኛም በአማርኛም ጉድጓዱ የእገሌ ልጅ የእገሌ ሰደቀቱል ጃሪያ መሆኑ ተጽፎበታል። ጽሑፉ ያምራል። ፊደሉ አልደበዘዘም። ፓምፑን ግን ብትነቀንቁት አየር ብቻ ነው የሚያወጣው። የውስጡ ጎማ አልቋል። ጎማውን የሚቀይር ሰው አልሠለጠነም፤ መግዣ የሚሆን ገንዘብም የሚሰበስብ የለም። እናቶች ጀሪካናቸውን አዝለው በእብነበረዱ በኩል አልፈው እንደ ድሮው ወደ ወንዝ ይወርዳሉ።

አንባቢ ሆይ! «ጃሪያ» የዐረብኛ ቃል ነው፤ «የሚፈስ» ማለት ነው። ሰደቀቱል ጃሪያም ሳይቋረጥ የሚፈስ ምጽዋት ነው። በማይፈስ ውሃ ላይ «የሚፈስ ሰደቃ» ብሎ መጻፍ ምን ይባላል? የሰጪውን ኒያ አላህ ያውቀዋል፤ እሱን አልነካም። እኔ የምጠይቀው ስለ እኛ ነው። ለእብነበረዱ ጠራቢ ፈልገን፣ ጸሐፊ ፈልገን፣ ፎቶ አንሺ ጭምር ጠርተን ሳለ ጎማውን የሚቀይር አንድ ወጣት ማሠልጠን እንዴት ሳናስበው ቀረን?

ነገሩ የጉድጓድ ብቻ አይደለም። መስጊድ ይሠራል፤ ሚናራው ከሩቅ ይታያል፤ ልጆች የሚያስቀራው ኡስታዝ ግን ወርኃዊ ክፍያ ስለሌለው በዓመቱ ጥሎ ይሄዳል። መድረሳ ይከፈታል፤ የመክፈቻው ዕለት በሬ ይታረዳል፤ በሁለተኛው ዓመት ክፍሉ የእህል መጋዘን ይሆናል። የመክፈቻውን ቀን ሁላችንም እናስታውሳለን። የተዘጋበትን ቀን የሚያስታውስ ግን የለም፤ ያን ዕለት ድግስ አልነበረማ!

በሦስቱም ውስጥ ሌላ ሰው አለ

ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ታዋቂ ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የአደም ልጅ ሲሞት ሥራው እንደሚቋረጥ፣ ሦስት ነገሮች ግን እንደማይቋረጡ አስተምረዋል። እነሱም የማያቋርጥ ሰደቃ፣ ሰዎች የሚጠቀሙበት ዕውቀትና ለወላጁ ዱዓ የሚያደርግ ሳሊህ ልጅ ናቸው። ይህን ሐዲስ ያልሰማ ሙስሊም ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም። በየቀብሩ ይነገራል። ነገር ግን ረጋ ብለን እናስተውለው።

በሦስቱም ውስጥ ከሟቹ ሌላ ሁለተኛ ሰው አለ። በሰደቃው የሚጠጣ ወይም የሚበላ ሰው አለ። በዕውቀቱ የሚጠቀም ሰው አለ። ዱዓ ለማድረግ እጁን የሚያነሳ ልጅ አለ። ያ ሁለተኛ ሰው ከሌለ ሐዲሱ የጠቀሰው ነገር የለም። የማይጠጡት ውሃ፣ የማያስተምሩት ዕውቀት፣ ዱዓ ማድረግን ያልተማረ ልጅ ከሦስቱ ውስጥ አይገቡም። በሦስቱም ውስጥ የስም ጽሑፍ አልተጠቀሰም።

የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ይህን በደንብ ገብቷቸው ነበር። ዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ.) የሩማን ጉድጓድ ገዝተው ለሙስሊሞች ሲያደርጉ የመዲና ሰው ውሃውን በገንዘብ ይገዛ ነበር። እሳቸው የሰጡት በየቀኑ የሚቀዳ ውሃ ነው። ራሳቸውም እንደ ማንኛውም ሙስሊም ባልዲያቸውን ይዘው ይቀዱበት ነበር።

ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ደግሞ በኸይበር ከዚያ የተሻለ ያላገኙትን መሬት ባገኙ ጊዜ ምን እንደሚያደርጉበት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠየቁ። የተሰጣቸው ምክር ዋናውን ይዘው ፍሬውን እንዲመጸውቱ ነበር። ዑመርም መሬቱ እንዳይሸጥ፣ ስጦታ እንዳይሆን፣ እንዳይወረስ፤ ፍሬው ለድሆች፣ ለዘመድ፣ ባሪያን ነጻ ለማውጣት፣ ለመንገደኛና ለእንግዳ እንዲውል አደረጉ። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ይህ ታሪክ በውስጡ አንድ ብዙ ጊዜ የምንዘለው ነገር አለ። ዑመር መሬቱን የሚያስተዳድረው ሰው ሀብት ሳያከማችበት በአግባቡ ከፍሬው እንዲበላ ፈቅደዋል።

እዚህ ላይ እንቁም። ከኛ ከ1,400 ዓመት በፊት የነበሩ ሰው ሲመጸውቱ ምጽዋቱን የሚጠብቀውን ሠራተኛ አስበውለታል! የሚበላውን አዘጋጅተውለታል! እኛ ግን መድረሳ ሠርተን ኡስታዙ ምን እንደሚበላ አንጠይቅም። «ለአላህ ብሎ ያስተምር» እንላለን። ለአላህ ብሎ ማስተማር የሱ ኒያ ነው። እሱን ማብላት ደግሞ የኛ ግዴታ ነው። የሱን ኒያ የኛ ስስት መሸፈኛ ማድረግ ተገቢ አይደለም።

የዙበይዳ ውሃ ለምን ፈሰሰ?

የሐሩን አር-ረሺድ ባለቤት ዙበይዳ በ216 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. በ831) ነው ያረፈችው። ከኩፋ እስከ መካ በሚወስደው የሐጅ መንገድ ላይ ለሐጃጆች ያሠራቻቸው ጉድጓዶችና የውሃ ማጠራቀሚያዎች መንገዱን በስሟ አስጠርተውታል። ለመካ ሰዎችና ለሐጃጆች ከሸለቆው ያስጎተተችው ውሃም «ዐይን ዙበይዳ» ይባላል። ከማጠራቀሚያዎቹ ውስጥ ከ1,200 ዓመት በኋላ ዛሬም በምድረ በዳው የሚታዩ አሉ።

አንድ ሰው ተነስቶ «ይኸው ስሟ ቀርቶ የለም እንዴ!» ሊለኝ ይችላል። አዎ፣ ቀርቷል። ግን ስሟን ያቆየው ምንድን ነው? ድንጋይ ላይ መጻፉ አይደለም። የተጠማ ሐጃጅ ጠጥቶ ስለተናገረ ነው። ከዚህም በላይ ያ የውሃ መስመር ከዙበይዳ በኋላ ብዙ ጊዜ ተደፍኗል፤ ፈርሷል። እሷ የማታውቃቸው ሰዎች በየዘመናቸው እየተነሱ ጠረጉት፤ ጠገኑት። ከሰባት መቶ ዓመት በኋላ በኦቶማኖች ዘመን የሱልጣን ሱለይማን ልጅ ሚህሪማህ አስጠግናዋለች። ውሃው በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ሊፈስ የቻለው አንዷ ስላሠራችው ብቻ ሳይሆን ሌሎች ስለጠገኑትም ነው።

በኛ ዘንድ ግን «እገሌ የሠራውን እኔ ለምን እጠግናለሁ? ስሙ የሱ ነው» የሚባል በሽታ ገብቷል። የተበላሸውን ጉድጓድ ለመጠገን ጥቂት ገንዘብ የሚበቃ ሆኖ ሳለ፣ ስሙ እንዲጻፍለት ብሎ አጠገቡ ሌላ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ሰው አለ። ይህ ሰው የፈለገው የተጠማን ማጠጣት ነው ወይስ በስሙ መጠራት? መልሱን ራሱ ከአላህ ጋር ይነጋገርበት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጀመሪያ ፍርድ ከሚሰጣቸው ሦስት ሰዎች መካከል ዐሊም፣ ለጋስና በጦር ሜዳ የወደቀ እንዳሉባቸው፣ ሦስቱም ያደረጉትን ያደረጉት ሰው እንዲያወራላቸው ስለነበር ወደ እሳት እንደሚጎተቱ ተናግረዋል። የፈለጉት እንዲወራላቸው ነበር፤ ተወርቶላቸዋል። ከዚያ በኋላ የሚጠብቁት ምንዳ የላቸውም።

ከኛው አገር የሄደው ደረሳ

ምሳሌው ሩቅ የሆነባችሁ ካላችሁ ወደ ራሳችን እንምጣ። በካይሮ አል-አዝሀር ውስጥ «ሪዋቁል ጀበርት» የሚባል የደረሳዎች ማደሪያ ነበር። ከዘይላዕና ከሐበሻ ምድር ዕውቀት ፍለጋ የሄዱ ደረሳዎች የሚጠለሉበት ነው። እንዲህ ያሉት የአዝሀር ሪዋቆች የሚተዳደሩት በወቅፍ ነበር። አንዱ ሱቅ፣ አንዱ መሬት ወቅፍ አድርጎ የማያውቀውን ደረሳ እንጀራ ያበላ ነበር።

ከዚያ ሪዋቅ ጋር ስሙ የተያያዘው ቤተሰብ ልጅ የሆነው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ በእ.ኤ.አ. 1825 ያረፈ ታላቅ የታሪክ ጸሐፊ ነው። የዘር ሐረጉ ከኛ ምድር ከጀበርት የሚመዘዝ ሲሆን፣ ናፖሊዮን በእ.ኤ.አ. 1798 ግብፅን ሲወር በዐይኑ ያየውን ጽፎ አቆይቶልናል። የመጽሐፉ ስም «ዐጃኢቡል አሣር» ነው። «አሣር» የሚለው ቃል በሱረቱ ያሲን «ፈለግ» ብለን የተረጎምነው ያው ቃል መሆኑን ልብ በሉ።

ከሱም በፊት ዘይላዒ በሚል ስም የሚታወቁት ዐብደላህ ኢብኑ ዩሱፍ በ762 ዓ.ሂ. በካይሮ አርፈዋል። የሐነፊዮች ታላቅ የፊቅህ ኪታብ በሆነው በ«ሂዳያ» ውስጥ የሚገኙትን ሐዲሶች ምንጫቸውን እየፈለጉ፣ ጠንካራውን ከደካማው እየለዩ «ነስቡር ራያ» የተባለውን ኪታብ አዘጋጅተዋል። የራሳቸውን አዲስ ሕንጻ አላቆሙም፤ ሌላው ያቆመውን መሠረት ነው ያጠነከሩት። ዛሬም የሐዲስ ተማሪ ሁሉ የሳቸውን ሥራ ይገልጣል። ይህን ነው የማይቋረጥ ሥራ የምለው።

እዚህ ላይ «የኛ ወቅፍ ተወሰደ እኮ!» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። በ1967 ዓ.ል. ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ ለመስጊድና ለመድረሳ ገቢ የሚያስገኙ ቤቶችም ከእጃችን ወጥተዋል። ጉዳቱ ቀላል አልነበረም። ነገር ግን ደርግ የወሰደው ቤቱን ነው። ወቅፍ የማድረግን ልማድ ማን ወሰደብን? ደርግ በ1983 ዓ.ል. ወድቋል። የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትም በ2012 ዓ.ል. በአዋጅ የሕግ ሰውነት አግኝቷል። ከዚያ ወዲህ ባለ ብዙ ፎቅ የገነባ ሙስሊም ነጋዴ በየከተማው አለ። ከፎቁ አንዷን ሱቅ «ኪራይዋ ለመድረሳው ኡስታዝ ይሁን» ያለ ስንቱ ነው? ያለፈውን በደል እያወሩ የዛሬውን ግዴታ መሸሽ አይቻልም።

«እኔ ምን አለኝ?» ለሚሉ

ይህን የሚያነብ ደመወዝተኛ፣ ሸማኔ፣ የቤት እመቤት «ይህ ሁሉ የሀብታምና የዐሊም ጉዳይ ነው» ብሎ ገጹን እንዳይገልጥ እሰጋለሁ። እንዲያውም ከሁሉም በላይ የምጽፈው ለሱ ነው።

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ የምትጠርግ አንዲት ጥቁር ሴት ነበረች። ሞተች፤ ሰዎቹም ነገሩን አቅልለው ሳይነግሯቸው ቀበሯት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስላጧት ጠየቁ። መሞቷን ሲሰሙ ለምን እንዳልነገሯቸው ወቀሱ፤ ቀብሯን እንዲያሳዩዋቸው አድርገው ሄደው ሰገዱባት። ታሪኩ በቡኻሪና በሙስሊም ውስጥ ይገኛል፤ በዚያ ዘገባ ስሟ አልተጠቀሰም። ስሟ ያልተጠቀሰ ጠራጊ በመላው ዓለም ሙስሊም ዘንድ ሥራዋ ይተረካል። በዚያው ዘመን ስማቸውን በግጥም ያስወደሱ ስንትና ስንት የጎሳ አለቆች ግን ዛሬ የሚያስታውሳቸው የለም።

የሐረር ከተማ በእጅ በተጻፉ ቁርኣኖችና በኪታብ ጥረዛ ጥበቧ ትታወቃለች። ያን የጻፈ እጅ ቀለሙን በጥብጦ፣ ብዕሩን ቀርጾ፣ አንዲት ፊደል እንዳትሳሳት ተጠንቅቆ ወራት ይደክም ነበር። ብዙዎቹን ዛሬ በስም አናውቃቸውም። ከጻፉት ላይ የቀራ ልጅ ልጁን አስቀርቷል፤ ልጁም የልጅ ልጁን። ጸሐፊው ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋል?

ስለዚህ ወንድሜ ሆይ! እህቴ ሆይ! ሥራችሁ ምንድን ነው? ልብስ ሰፊ ነህ? የማይተረተር ስፌት ስፋ፤ ከዚያም አንድ የቲም ልጅ ወስደህ ሙያውን አስተምረው። ግንበኛ ነህ? ውሃ ልኩን ጠብቀህ ገንባ፤ በሠራኸው ቤት ገና ያልተወለደ ልጅ ያድግበታልና። ነርስ ነሽ? በሽተኛው የእገሌ ዘመድ ነው ሳትዪ መርፌሽን በንጽሕና ያዢ። አላህ በሁሉም ነገር ላይ ማሳመርን እንደደነገገ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲያስተምሩ ምሳሌ ያደረጉት የሚያርድ ሰው ቢላዋውን እንዲስል ነው። ቢላዋ መሳል እንኳ ከዲን ከሆነ ከዲን ውጭ የሚቀር የትኛው ሐላል ሥራ ነው?

እኛ ግን ሥራን ከኢባዳ ለይተን አስቀመጥነው። በጁምዓ የመጀመሪያው ሰፍ ላይ የሚገኝ ሰው ቅዳሜ ሚዛን ሲያጎድል «ንግድ ነዋ!» ይላል። ሱቁ ሲያጭበረብር ውሎ በትርፉ የመስጊድ ምንጣፍ ቢገዛ ፈለግ የተወ ይመስለዋል። ምንጣፉም ሚዛኑም ይጻፋሉ። ሚዛን ማጉደልን ከሱ ያየ የሱቅ ልጅ ነገ የራሱን ሱቅ ሲከፍት ያንኑ ይሠራል፤ ያም ይጻፋል። ፈለግ መልካም ብቻ አይደለም፤ መጥፎም ፈለግ አለ።

ልጅ ሐዋላ አይደለም

አሁን ደግሞ ብዙዎቻችንን ወደሚያስቆጣው ነጥብ ልግባ። «እኔ የምተወው ልጆቼን ነው» የሚል ወላጅ ብዙ ነው። መልካም ነው። ሐዲሱ ግን «ልጅ» ብሎ አላበቃም፤ «ሳሊህ» ብሏል፤ «ዱዓ የሚያደርግለት» ብሏል። እኛ ሁለቱን ቃላት ቆርጠን ጥለን «ልጅ» የሚለውን ብቻ ይዘናል።

ትምህርቷን ሳትጨርስ ሴት ልጁን ወደ ዐረብ አገር ሥራ ልኮ፣ እሷ በሰው ቤት ወለል ስታጥብ በላከችው ገንዘብ ቤት ሠርቶ፣ በሩን ቀለም ቀብቶ «ልጆቼ ደርሰውልኛል» የሚል አባት አለ። ፈትዋ አልሰጥም፤ ችግር ያስገደደውንም አልወቅስም። የምጠይቀው ቤቱ ካለቀ በኋላ ሁለተኛ ፎቅ ለመጨመር ትንሿንም የሚልከውን ነው። ይህች ልጅ ፈለግህ ናት ወይስ ጡብህ? አንተ ስትሞት ቤቱን ወንድሞቿ ይካፈሉታል። እሷ ያጣችውን የትምህርት ዘመን ግን ማን ይመልስላታል? ዱዓ እንድታደርግልህ ትፈልጋለህ? ዱዓ የሚመነጨው ከልብ ነው፤ በሐዋላ አይላክም።

በሌላ በኩል ልጅ ሳይወልዱ የቀሩ ወንድሞችና እህቶች «እኔማ ዘር የለኝም» እያሉ ሲያዝኑ እንሰማለን። ሰውም ቃል እየወረወረ ያቆስላቸዋል። ኢማም ነወዊን እናስታውስ። በ631 ዓ.ሂ. ተወልደው በ676 አረፉ፤ 45 ዓመት ብቻ። አላገቡም፤ ልጅም አልወለዱም። «ሪያዱ ሳሊሒን» እና «አርበዒን» የተባሉት ሥራዎቻቸው ግን ከ700 ዓመት በላይ አልፈው በየመስጊዳችን ይቀራሉ። ስማቸው በተጠራ ቁጥር «ረሒመሁላህ» የሚላቸው ደረሳ ቁጥሩ ስንት ነው? መካን እህቷን የምታሳዝን ሴት ይህን ታስብ።

ፍሬው በኛ እጅ አይደለም

«ሠርተን ሠርተን ውጤት ባይኖረውስ?» የሚል ጥያቄም አለ። የሼኽ በክሪ ሳጳሎን ታሪክ እዩ። በእ.ኤ.አ. 1895 በሐረርጌ የተወለዱ ዐሊም፣ መምህርና የኦሮምኛ ባለቅኔ ነበሩ። ለሕዝባቸው ቋንቋ የሚስማማ ፊደል በእ.ኤ.አ. 1956 ፈጠሩ። መንግሥት ሥራቸውን በጥርጣሬ ስላየው በድሬዳዋ ከቦታቸው እንዳይንቀሳቀሱ ታገዱ። በመጨረሻም ተሰደው በ1980 በሶማሊያ ስደተኞች መጠለያ አረፉ። ፊደሉ አልተስፋፋም። ታዲያ ድካማቸው ከንቱ ነውን? ያስተማሯቸው ደረሳዎች ቀሩ፤ ግጥሞቻቸው በሕዝብ አፍ ቀሩ፤ የቋንቋ ሊቃውንትም ያን ፊደል አጥንተው ጻፉበት። የሰው ድርሻ አሳምሮ መሥራት ነው። ከሠራው የትኛው እንደሚበቅል የሚያውቀው አላህ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ቂያማ ቢቆም እንኳ በእጁ ችግኝ ያለበት ሰው መትከል ከቻለ እንዲተክላት አዘዋል። ያቺን ችግኝ ማን ይበላላታል? ማንም። ቢሆንም ይትከላት።

ይህን ግን ለስንፍና ማመካኛ የሚያደርግ አለ። «ውጤቱ የአላህ ነው» እያለ ጎማ ሳይቀይር፣ ኡስታዝ ሳይቀጥር ይቀመጣል። ሼኽ በክሪ ይህን ያሉት ፊደሉን ከጨረሱ በኋላ ቢሆን ያምርባቸዋል። እኛ ግን ሳንጀምር ነው የምንለው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ስም መጻፍ ሐራም ነው አላልኩም። አላህ (ሱ.ወ.) ሰደቃን በግልጽ መስጠት መልካም መሆኑን፣ ደብቆ ለድሆች መስጠት ግን የበለጠ መሆኑን በሱረቱል በቀራ አስተምሮናል። ሌላውን ለማነሳሳት የሚጠራ ስም አለ። ጠቤ ከእብነበረዱ ጋር አይደለም፤ በጎማው ቦታ ከገባው እብነበረድ ጋር ነው።

ስለዚህ ጉድጓድ የምታስቆፍሩ ወገኖች ከቆፋሪው ጋር ስትዋዋሉ ከቀበሌው ሁለት ወጣቶች ጥገና እንዲማሩ አብራችሁ ተዋዋሉ። መለዋወጫም ገዝታችሁ አስቀምጡ። ተጠቃሚው በየወሩ ጥቂት ሳንቲም እንዲያዋጣና ሒሳቡን የሚይዝ ታማኝ ሰው እንዲኖር አድርጉ። ገንዘቡ ካነሰ ከእብነበረዱ ቀንሱ።

መድረሳ የምትሠሩ ወገኖች የመጀመሪያውን ድንጋይ ከማኖራችሁ በፊት የኡስታዙ ደመወዝ ከየት እንደሚመጣ ወስኑ። አራት ክፍል መሥራት የምትችሉ ከሆነ ሦስት ክፍልና አንድ የሚከራይ ሱቅ ሥሩ። ሱቁ መድረሳውን ያኖረዋል።

ምንም ገንዘብ የሌለን ደግሞ የምናውቀውን ለሁለት ሰው እናስተምር። ፋቲሓን አሳምረሽ የምትቀሪ እናት የጎረቤትሽን ልጅ አስቀሪ። ሎህ ላይ «አሊፍ፣ ባ» ብሎ የጀመረ ልጅ ዕድሜ ልኩን በሚሰግደው ሰላት ሁሉ ድርሻ አለሽ። ዛሬ እናቶቻችን የቁርኣንን መልእክት በአማርኛ ለመረዳት የቻሉት በ1961 ዓ.ል. የታተመውን ትርጉም ሼኽ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሼኽ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ደክመው ስላዘጋጁት ነው። ዕውቀታቸውን ይዘው ቢቀበሩ ኖሮስ?

ንብረት ያለን ኑዛዜያችንን በሕይወት ሳለን እንጻፍ። ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ታመው ስለ ገንዘባቸው በጠየቁ ጊዜ የተፈቀደላቸው እስከ ሲሶ ነው፤ ሲሶውም ብዙ መሆኑ ተነግሯቸዋል። ልጆችን ለማኝ አድርጎ መተውም አልተወደደም። ዕዳችንን፣ የሰው አማናን፣ ወቅፍ የምናደርገውን ለይተን በምስክር እናስቀምጥ። ሳይጻፍ የቀረ ኑዛዜ ወንድማማቾችን ፍርድ ቤት ሲያቆም በየሰፈራችን እያየን ነው።

ከዚያ በኋላ «ምን ትቶ ሄደ?» ሲባል ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ባይመልስም ግድ የለም። ውሃ የምትቀዳው ሴት ትመልሳለች፤ ስማችሁን ባታውቅም «ይህን ያደረገልንን አላህ ይዘንለት» ትላለች። አላህ ማንን ማለቷ እንደሆነ ያውቃል።

አላህ (ሱ.ወ.) ሥራችንን ለሱ ብቻ የጠራ ያድርግልን። ከኛ በኋላ ከማይቋረጥ መልካም ፈለግ ይወፍቀን። ከኛ በፊት ላለፉት፣ ስማቸው ለታወቀም ላልታወቀም፣ ይዘንላቸው። አሚን።